ጀርባውን ለአስፋልቱ የሰጠ የድንጋይ ቤት (ከደምበጫ ወደ ቡሬ)

መንገደኛው፦
እንዴት ሰነበታችሁ። ከደምበጫ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከመንገዱ 200 ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ሦስት ጎኑ በአፈር ክምር የተከበበ አንድ የድንጋይ ቤት አለ። በአውቶቡስ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ጀርባውን ብቻ ነው፤ በሩ ወደ ኮረብታው ዞሯል። መስኮት የለውም። ግድግዳው የምሽግ ያህል ወፍራም ነው፣ ክዳኑ ግን ስስ ቆርቆሮ። ከወለሉ አጠገብና ከክዳኑ ሥር ጠባብ ቀዳዳዎች በረድፍ ተሰልፈዋል። የአካባቢው ሰው ግማሹ «የጣሊያን ምሽግ» ይለዋል፣ ግማሹ «እስር ቤት ነበር» ይላል። በሩ ላይም ሆነ ማዕዘኑ ላይ ጽሑፍ የለም። ቀበሌው እንድገባና እንድለካ ፈቅዷል። ሽማግሌዎችን ከመጠየቄ በፊት ከቤቱ ከራሱ ምን ምን ልመዝግብ?

ጠራቢው፦
ወንድሜ፣ ቅደም ተከተሉን ይዘኸዋል። «ምሽግ» የሚለውን ደጋግሞ የሰማ ዓይን ምሽግ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ግድግዳው ይናገር። የ5 ሜትር ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ቢላዋ፣ ደብተርና የሚረዳህ አንድ ሰው ይበቃሃል።

ከልክ ጀምር። የግድግዳውን ውፍረት በሩ ላይ ለካ፤ እዚያ ሙሉው ይታያል። የውጩን አራት ጎን፣ የበሩን ስፋትና ከፍታ በሳንቲ ሜትር ጻፍ፣ አታጠጋጋ። ከዚያ በውስጥ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለቱን ሰያፎች ለካ። ሁለቱ በአንድ ሁለት ሳ.ሜ. ልዩነት እኩል ከሆኑ መሠረቱን ያወጣው በገመድና በፕላን የሚሠራ ባለሙያ ነው። ሁሉንም ልክ ለ50 ሳ.ሜ. አካፍለህ እይ፤ ቀጥሎ ለ30.5 ሳ.ሜ. አካፍለው። በ50 ወይም በ100 ቁልጭ ብሎ ከወጣ በሜትር የለካ ሠርቶታል። በ30.5 ከወጣ በጫማ (አንዱ ጫማ 30.5 ሳ.ሜ. ያህል ነው) የለካ መሐንዲስ ነበረበት። ጣሊያን በሜትር ነው የሚለካው፤ ስለዚህ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ድንጋዩን ከድንጋይ ያጣበቀው ነው። በቢላዋ ጫፍ ፈቅ አድርገው። ነጣ ብሎ እንደ ዱቄት ከረገፈና የውኃ ጠብታ ቶሎ ከመጠጠ ኖራ ነው። ግራጫ ሆኖ ቢላዋውን ከመለሰ ስሚንቶ ነው። ብዙ ሰው ሎሚ ጨምቆበት ከተንጨረጨረ «ኖራ ነው» ይላል፤ ይህ ያሳስታል፣ ምክንያቱም የቆየ ስሚንቶም ይንጨረጨራል። ሎሚው የሚለየው ጭቃን ከሁለቱ ብቻ ነው። ሌላም አለ፦ ፊት ለፊት የሚታየው ፖይንቲንግ (የድንጋዮቹን መጋጠሚያ በውጭ የሚሞላው ማጣበቂያ) ኋላ በጥገና የተጨመረ ሊሆን ስለሚችል፣ ድንጋይ ከወደቀበት ቦታ ከ10 ሳ.ሜ. በላይ ወደ ውስጥ ገብተህ እይ። ጤነኛውን ግድግዳ ግን አትፈልፍል።

ሦስተኛው ብረቱ ነው። የበሩ ድፍ (ከበሩ በላይ ያለው አግዳሚ) አርማታ ከሆነና ተሰንጥቆ ፌሮው ከታየ ለስላሳ ነው ወይስ ባለ ጥርስ? ለስላሳ ፌሮ ለረጅም ዘመን ስለተሠራበት ብቻውን ዕድሜ አይወስንም፤ ባለ ጥርስ ከሆነ ግን ቤቱን ወደ እኛ ዘመን ያቀርበዋል። ባለ ክንፍ የብረት ወራጅ ካለ ደግሞ በሆዱ ላይ የፋብሪካው ስም ጎልቶ ወጥቶ ይሆናል፤ ዝገቱን በጨርቅ ጠርገህ ባትሪውን ከጎን አብራበት። ከፊት ለፊት ካበራህ ፊደሉ አይታይም።

የሞጣዋ፦
ቀዳዳዎቹን ለየብቻ ይመዝግቡ። መተኮሻ ቀዳዳ በውጭ ጠባብ፣ በውስጥ ሰፊ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ተኳሹ መሣሪያውን ግራና ቀኝ ማዞር አለበትና። ከፍታውም ቆሞ ወይም ተንበርክኮ ለሚተኩስ ሰው ትከሻ የሚመጥን ነው። ከወለል አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ወይም ከክዳን ሥር የተሸጎጠ ቀዳዳ ለማንም ተኳሽ አይመችም። ማታ ባትሪውን በውስጥ ያብሩና ከውጭ ይዩ፤ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ይወጣል ወይ?

የበላይ አገር፦
ምሽግነቱን በቶሎ አትጣሉት። በጎጃም ከ1930 ዓ.ም. ወዲህ ጣሊያን ከጦር ሰፈሩ ውጭ እንደ ልቡ አልሄደም። በላይ ዘለቀ በቢቸና፣ ኃይሉ በለው በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ ነጋሽ በዛብህ በቡሬ በኩል፣ መንገሻ ጀምበሬ በዳንግላ በኩል ይዘውታል። በደምበጫ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ የነበሩት ምሽጎች የቆሙት ለዚህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ጣሊያን በዚሁ መንገድ ከቡሬ ወደ ደምበጫ እየተዋጋ ነው ያፈገፈገው። መንገዱ ራሱ ታሪክ አለው።

የጣሊያን ሥራ ከሆነ ደግሞ የተሠራበት ዓመት የተቀረጸበት ድንጋይ ፈልጉ። ፋሽስቶች የራሳቸውን ዘመን የሚቆጥሩት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነበር፣ በሮማ ቁጥር። ወደ እኛ ለመመለስ በቁጥሩ ላይ 1914 መደመር ነው፦ 15 ካለ 1929 ዓ.ም.፣ 16 ካለ 1930 ዓ.ም. ይሆናል። ዓመታቸው የሚለወጠው በጥቅምት አጋማሽ ግድም ስለሆነ የመስከረምና የጥቅምት መጀመሪያ ሥራ በአንድ ዓመት ይዛነፋል። የመንገድ ጠባቂዎቻቸው ቤት ከሆነ ደግሞ ሁለት ኤ እና ሁለት ኤስ ፊደላት ተጽፈውበት፣ ልስኑ የደም ቀይ ተቀብቶ ነበር። ቀለሙ ታጥቦ ቢሄድ እንኳ ከክዳኑ ክፈፍ ሥርና ከበሩ ማጠፊያ ጀርባ ቅሪት አይጠፋም።

ጠራቢው፦
የበላይ አገር፣ ያነሣኸው ታሪክ ምሽግነቱን የሚያጠራጥር እንጂ የሚያጸና አይመስለኝም። ምሽግ አካባቢውን ሊያይ ከፍታ ላይ ይቀመጣል፣ ፊቱን ለመንገዱ ይሰጣል። ይህኛው በአፈር ክምር ተደብቆ፣ በሩን ከመንገዱ አዙሮ፣ በስስ ቆርቆሮ ተከድኗል። አርበኛ በተነሣበት አገር በድንጋይ ውርወራ በሚበሳ ክዳን ሥር የሚያድር ወታደር የለም። ልኩን እንጠብቅ።

መንገደኛው፦
የተባለውን ሁሉ ለካሁ። የውጩ ርዝመት 549፣ ወርዱ 427፣ የግድግዳው ውፍረት 61፣ የበሩ ስፋት 91፣ ከፍታው 213 ሳ.ሜ. ነው። ሰያፎቹ በ1 ሳ.ሜ. ብቻ ይለያያሉ። ማጣበቂያው እስከ ውስጥ ድረስ ግራጫ ነው፣ ቢላዋ አይበላውም። ድንጋዩ የአገሩ ጥቁር ድንጋይ ነው።

ቀዳዳዎቹ 10 በ20 ሳ.ሜ. ናቸው፤ የታችኞቹ ከወለል 20 ሳ.ሜ.፣ የላይኞቹ ከክዳኑ ሥር። ባትሪ በውስጥ አብርተን ከውጭ ስናይ ብርሃን አይታይም። እጅ ሲገባባቸው በግድግዳው መሐል ወደ ጎን ይታጠፋሉ።

ወለሉ ሳንቃ ነበር፣ ጥቂት ቀርቷል። የምስማሩ ራስ አረንጓዴ ሆኗል፣ ሲፋቅ ቢጫ ይሆናል። ግድግዳውም በውስጥ በኩል ሳንቃ ለብሶ እንደነበር የሚያሳዩ አግዳሚ እንጨቶች አሉ። በሩ በውጭ ላሜራ፣ በውስጥ ሳንቃ ነው። በአንዱ ማዕዘን ከክዳን እስከ መሬት የሚወርዱ የብረት ማቀፊያዎች አሉ፣ ያቀፉት ነገር ግን የለም። በአፈሩ ክምርና በግድግዳው መካከል 1 ሜትር ያህል ክፍተት አለ፤ የክምሩ አናት ከግድግዳው አናት ጋር ትክክል ነው።

ካባና ክሬሸር፦
ይህ የድማሚት ቤት ነው። አንድ በአንድ ላስረዳ፣ ምክንያቱም የቤቱ እንግዳ ነገር ሁሉ ሥራ ያለው ነው።

ወፍራሙ ግድግዳና ስሱ ክዳን አብረው የታሰቡ ናቸው። ድማሚቱ ድንገት ቢፈነዳ ግፊቱ በደካማው በኩል፣ ወደ ሰማይ፣ እንዲወጣ ነው የተፈለገው። ክዳኑ አርማታ ቢሆን ኖሮ ግፊቱ ታፍኖ ግድግዳውን በየአቅጣጫው ይበትነው ነበር። የአፈሩ ክምር በጎን የሚፈናጠረውን ድንጋይ ይይዛል። በግድግዳውና በክምሩ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ አየር እንዲዘዋወርና የክምሩ እርጥበት ወደ ግድግዳው እንዳይሻገር ነው። በሩ ከመንገዱ የዞረው ክፍቱ ጎን የበሩ ጎን ስለሆነ ነው፤ ግፊቱ በዚያ ቢወጣ መንገደኛና ካምፕ ሳይሆን ኮረብታ ያገኘዋል።

የታጠፉት ቀዳዳዎች የአየር መውጫ ናቸው። ከታች ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ከላይ የሞቀው ይወጣል። ያለ አየር የተከማቸ ድማሚት በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፤ ውስጡ ያለው ናይትሮግሊሰሪን ላብ መስሎ ይወጣና በትንሽ ግጭት የሚነሣ ይሆናል። ቀዳዳው ቀጥ ያለ ቢሆን ጥይት፣ የእሳት ብልጭታ ወይም በእንጨት የሚቆሰቁስ ልጅ በቀላሉ ይደርስበታል፤ ስለዚህ በመሐል አጠፉት።

ሳንቃውና ቢጫው ምስማርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ብረት ከድንጋይ ወይም ከብረት ሲጋጭ ብልጭታ ይሰጣል፣ መዳብና ነሐስ ግን አይሰጡም። ሳጥኖቹ ድንጋይና ብረት እንዳይነኩ ወለሉም ግድግዳውም እንጨት ይለብሳል። የበሩ ላሜራ በውጭ የሆነው ለሌባና ለእሳት፣ በውስጥ ሳንቃ የሆነው ለብልጭታ ነው። ማቀፊያዎቹ የመብረቅ መከላከያው ሽቦ የወረደባቸው ናቸው፤ ሽቦው መዳብ ስለሆነ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው።

አሁን ሁለት ነገር ፈልግ። አንደኛ፣ ከዚህ ቤት በርከት ያሉ ሜትሮች ርቆ በጣም ትንሽ፣ ምናልባት ሁለት ሰው የማይይዝ ሌላ ቤት መኖር አለበት። ድማሚቱን የሚቀሰቅሰው ካፕሱል ከድማሚቱ ጋር በአንድ ቤት አያድርም፤ ይህ የትም ቢሆን የሥራው ሕግ ነው። ሁለተኛ፣ ድንጋይ የወጣበት ካባ በቅርብ አለ። በካባው ገደል ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ቱቦ የመሰለ ቀጥ ያለ ፈለግ ካየህ የመሰርሰሪያ ቀዳዳ ግማሽ ነው። ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ሳ.ሜ. ሆኖ ቀጥ ካለ በኮምፕሬሰር የተሰረሰረ ነው፤ ወላገድ ካለ በመዶሻና በእጅ መሮ።

እባክህ ይህን አጥብቀህ ያዝ፦ ከሳንቃው ሥር ወይም ከጥጉ የሰም ወረቀት፣ በዘይት የራሰ የሚመስል ዱላ፣ እንደ ጨው የጠጠረ ፍሬ ወይም የእርሳስ ቁራጭ የምታህል የመዳብ ቱቦ ካየህ አትንካው፣ ፎቶ ለማንሣትም አትቅረብ። በመጣህበት እግር ውጣ፣ ልጆችን አርቅ፣ ለፖሊስ አመልክት። አሮጌ ድማሚት ከአዲሱ ይከፋል። የቀረውን ሳንቃም አትንቀል።

የሞጣዋ፦
«እስር ቤት» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣም አሁን ገባኝ። መስኮት የሌለው፣ በሩ በሰንሰለት የሚቆለፍ፣ ቀንና ሌሊት መሣሪያ የያዘ ዘበኛ ማንንም የማያስጠጋው ቤት ነበር ማለት ነው። በሩቅ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል?

የበላይ አገር፦
ድማሚት ቤትነቱን ተቀበልኩ። ግን የማን? ጣሊያንም መንገድ ሠርቷል፣ ድማሚትም ነበረው።

ጠራቢው፦
ልኩን ለ30.5 አካፍለው። 549 በትክክል 18 ጫማ፣ 427 ደግሞ 14 ጫማ ነው። ግድግዳው 2፣ በሩ 3 በ7 ጫማ። አምስት ልክ ሁሉ በጫማ ቁልጭ ብሎ የሚወጣ የጣሊያን ቤት የለም።

በዚህ መንገድ ላይ በጫማ የሚያስብ መሐንዲስ የሚገኘው ከአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጋር ነው። መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር ነው፤ ባለሙያዎቹም መጀመሪያ ላይ ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የመጡ ነበሩ። ስለዚህ ቤቱ ከ1943 ዓ.ም. ወዲህ ነው ብዬ እፈርዳለሁ። ስሚንቶውም ይስማማል፤ በወረራው ዘመን ስሚንቶ ከድሬዳዋ ወይም ከባሕር ማዶ እየተጫነ ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣ ውድ ነገር ነበር፣ ለዕቃ ቤት ግድግዳ እስከ ውስጥ ድረስ አይፈስም።

ቢሆንም የሽማግሌዎቹን ቃል ውሸት አትበሉት። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ጣሊያናውያን ግንበኞች፣ መካኒኮችና የካባ ሠራተኞች አገር ውስጥ ቀርተው በመንገድ ሥራ ተቀጥረዋል። «ጣሊያን ሠራው» እና «በጣሊያን ጊዜ ተሠራ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው እውነት ሆኖ ሁለተኛው ላይሆን ይችላል። ስትጠይቅ ለይተህ ጠይቅ።

መዝገብ ቤት፦
ስለ አጠያየቁ ልጨምር። «ይህ ቤት መቼ ተሠራ?» ብለው አይጀምሩ፤ መልሱ ዓመተ ምሕረት ሳይሆን ግምት ነው የሚሆነው። ሰው የሚያስታውሰው በሌላ ነገር አስጠግቶ ነው። «በ1960ው የግብር አመፅ ጊዜ ቤቱ ነበር? ዘበኛ ነበረው? የ1967 ዘማቾች ሲመጡ ምን ነበረበት? ድማሚት ሲጮህ ከብት የሚደነብረው በስንት ሰዓት ነበር?» ብለው ይጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ዋጋ አለው፤ ካባ የሚፈነዳው ሠራተኛ ከሄደ በኋላ በተወሰነ ሰዓት ስለሆነ በዚያ የኖረ ሰው ሰዓቱን አይረሳም። ሽማግሌዎቹን አንድ ላይ ሰብስበው አይጠይቁ፤ በዕድሜ ወይም በማዕረግ የሚበልጠው የተናገረውን ሌላው ያጸድቀዋል። ለየብቻ፣ በየቤታቸው ይሁን። ሴቶችንም አይዝለሉ፤ ለካምፑ ጠላና እንጀራ ያቀረበች እናት የካምፑን ስምና የወር ደመወዝ ቀኑን ታውቃለች።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ቤቱ ከከተማ ውጭ ስለሆነ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች መዝገብ ውስጥ አይገኝም፤ እዚያ ጊዜ አያጥፉ። መጀመሪያ የሚሄዱት ደብረ ማርቆስ ወዳለው የመንገድ ጥገና ዲስትሪክት ነው። የሚጠይቁት «የአሮጌ ቤት ታሪክ» ሳይሆን «የካምፕና የካባ ንብረት ዝርዝር» ነው። ዕቃ ቤት ወይም ድማሚት ቤት በንብረት ዝርዝር ላይ በኪሎ ሜትር ቁጥር ነው የሚጻፈው፤ ስለዚህ ቤቱ ከደብረ ማርቆስ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ በመኪና ቆጣሪ ለክተው ይያዙ። መንገዱ በየጊዜው ስለተቃና የድሮው ቁጥር ከዛሬው በጥቂት ኪሎ ሜትር ይለያል፤ ወደፊትም ወደኋላም ያሉትን መስመሮች ያንብቡ።

ቀጥሎ የጠቅላይ ግዛቱ ደብዳቤ ልውውጥ ነው። ድማሚት ያኔ ያለ ፖሊስና ያለ አገር ግዛት ሚኒስቴር ዕውቅና ከቦታ ቦታ አይጓዝም ስለነበር የመንገድ ሥራው ፋይል ባይገኝ የፀጥታው ፋይል ሊገኝ ይችላል። የድሮው ጎጃም 7 አውራጃዎች እንደነበሩት አይርሱ፤ የዛሬውን ዞንና ወረዳ ስም ይዞ የሄደ ሰው ፋይሉን ያጣዋል። ለምሳሌ ፍኖተ ሰላም የቆላ ደጋ ዳሞት፣ ዳንግላ የአገው ምድር ዋና ከተማ ነበሩ። አዲስ አበባ ከሄዱ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሉ፤ የትብብር ደብዳቤ ይያዙ፣ ደብዳቤው ላይ የሚፈልጉትን ዘመን ከ1943 እስከ 1967 ብለው ይወስኑ። «ስለ ጎጃም በሙሉ» ብሎ የሚጠይቅ ደብዳቤ ባዶ እጅ ያስመልሳል።

ዳንግላ፦
የሰማይ ፎቶም አለ። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያነሷቸው የአየር ፎቶዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ተገኝተው በመቀሌና በቤልጂግ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዲጂታል ተገልብጠዋል። አገሩን ሁሉ አይሸፍኑም፣ ያንተን ቦታ ካገኘህ ግን «ጣሊያን ነው ወይስ አይደለም» የሚለው ጥያቄ በአንድ ፎቶ ያልቃል። የአሜሪካው የስለላ ሳተላይት ኮሮናም ከ1952 እስከ 1964 ዓ.ም. ድረስ ያነሣው ሁሉ ለሕዝብ ተከፍቷል። የተሻሉት ፎቶዎች የሚለዩት 2 ሜትር ያህል ነው፤ 5.5 ሜትር ቤት ሦስት ነጥብ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቤቱን ሳይሆን የአፈሩን ክምርና የካባውን ጠባሳ ፈልግ። ጥላ ረዝሞ የሚወድቅበትን የጠዋት ወይም የማታ ፎቶ ምረጥ። የዛሬውን ቦታ በጉግል ኧርዝ ምልክት አድርገህ፣ የማይንቀሳቀሱ ሦስት ነገሮችን (የወንዝ መገናኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ደን፣ የኮረብታ ጫፍ) ይዘህ አስተያይ። መንገዱን ራሱን እንደ ምልክት አትጠቀምበት፣ ተዛውሯልና።

መንገደኛው፦
ካባው ተገኘ፤ ከቤቱ ወደ ኮረብታው 400 ሜትር ያህል ላይ፣ በቀጋና በአጋም ተሸፍኗል። ገደሉ ላይ ቀጥ ያሉ ግማሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ ስፋታቸው 3.5 ሳ.ሜ.። ትንሹ ቤትም አለ፤ 60 ሜትር ርቆ፣ ቁመቱ ከሰው ደረት የማይበልጥ፣ እሱም የታጠፈ ቀዳዳ ያለው። የመንደሩ ሰው «የዘበኛ ቤት» ይለዋል። ሁለት እናቶች ለየብቻ ተጠይቀው ድማሚቱ የሚጮኸው ከቀኑ 6 ሰዓትና ከ11 ሰዓት በኋላ እንደነበር ተናገሩ፤ ጩኸቱ የቆመው ከዘማቾቹ በፊት ነው አሉ። የዲስትሪክቱን መዝገብ ገና አላየሁም። ቀበሌው ቤቱን ጠግኖ መጻሕፍት ቤት ሊያደርገው አስቧል፤ በጥገናው ምን ይጠንቀቁ?

ካባና ክሬሸር፦
ከጥገናው በፊት ፖሊስ ወለሉን በሚያውቅ ባለሙያ ያስፈትሽ። ያ ሳይሆን ሠራተኛ አይግባ፣ በተለይ ወደ ትንሹ ቤት። ካፕሱል ትንሽ ስለሆነ በስንጥቅ ውስጥ ይቀራል።

ጠራቢው፦
ለመጻሕፍት ቤት ብርሃን ያስፈልጋል ብለው ግድግዳውን በስተው መስኮት እንዳያወጡ። በቆርቆሮው መሐል ሁለት ብርሃን አሳላፊ ቆርቆሮ ያስገቡ፣ ያ ይበቃል፤ ግድግዳውም ሳይነካ ይቀራል። የታጠፉትን ቀዳዳዎች አይድፈኑ። ከተደፈኑ እርጥበቱ መውጫ ያጣና መጻሕፍቱ በአንድ ክረምት ይሻግታሉ። ለአይጥ ከሆነ በውጭ በኩል ወንፊት ሽቦ ይምቱበት።

በክምሩና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት በአፈር ሞልቶ ከሆነ እስከ መጀመሪያው ወለል ድረስ ይጠረግ፣ ከበሩ በኩል ተዳፋት ቦይ ይውጣለት፤ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ርዝመት ቢያንስ 1 ሳ.ሜ. ይውረድ። ክምሩ ላይ ባሕር ዛፍ አይተከል፣ ሣሩ ይበቃዋል። የወደቀውን ድንጋይ ለመመለስ በ1 ስሚንቶ 4 አሸዋ ይበቃል፤ ግድግዳው ከመጀመሪያውም ስሚንቶ ስለሆነ አይጎዳውም። ኖራ ቢሆን ኖሮ ይህን አልልም ነበር።

መዝገብ ቤት፦
ከዚያ በፊት የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በቅርስነት እንዲመዘግበው ያመልክቱ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ለመጠገን የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከማመልከቻው ጋር የልኩን ሥዕል፣ የአራቱን ጎን ፎቶ፣ የትንሹን ቤትና የካባውን የጂፒኤስ ነጥብ፣ የእናቶቹንም ቃል ከነፈቃዳቸው ያያይዙ። ሦስቱ በአንድ ፋይል ይመዝገቡ፤ ትልቁ ቤት ብቻውን ከተመዘገበ የትንሹ ቤት ድንጋይ ለአጥር ይወሰዳል።